ከመጨረሻው ርጭት እስከ መጀመሪያው ለቀማ፦ የፀረ-ተባይ ቅሪትና የምግብ ደኅንነት በመቂና በባቱ ቲማቲም ማሳያነት

አኅጽሮተ ጽሑፍ

ለአገር ውስጥ ገበያ በሚቀርቡ አትክልቶች ላይ የሚገኝ የፀረ-ተባይ ቅሪት ብዙውን ጊዜ የሚጠናው ከገበያ በተወሰደ ናሙና ነው። ይህ ጽሑፍ በመካከለኛው ስምጥ ሸለቆ፣ በመቂና በባቱ አካባቢ በመስኖ የሚለማውን ቲማቲም ማሳያ አድርጎ በመውሰድ የቅሪት ጥያቄ ከሁሉ አስቀድሞ የቀናት ጥያቄ መሆኑን ያስረዳል። በመጨረሻው ርጭትና በለቀማው መካከል ስንት ቀን እንዳለፈና ይህን ጊዜ ማን እንደሚወስነው ሳይታወቅ የሚገኝ የቤተ ሙከራ ውጤት ለእርምት የሚሰጠው ጥቅም ውሱን ነው። ጽሑፉ ቅሪት የሚቀንስበትን ሥርዓት፣ የማሳውን ነባራዊ ሁኔታ፣ በቅሪት ወሰንና በጤና ወሰን መካከል ያለውን ልዩነት፣ እንዲሁም የናሙና አወሳሰድና የትንተና ዘዴዎችን ገደብ ካቀረበ በኋላ ለድኅረ ምረቃ ተመራማሪዎች የጥናት አቅጣጫ ይጠቁማል።

ቁልፍ ቃላት፦ የፀረ-ተባይ ቅሪት፣ የጥበቃ ቀናት፣ ግማሽ ዕድሜ፣ ቲማቲም፣ የምግብ ደኅንነት

1. መግቢያ

ቲማቲም በአገራችን ማእድ ላይ በሁለት መልክ ይቀርባል። አንደኛው ከሽንኩርት ጋር ቁሌት ውስጥ ገብቶ የሚበስለው ነው። ሁለተኛው ደግሞ ከቃሪያና ከሽንኩርት ጋር ተከትፎ በጥሬው፣ በሰላጣ ወይም በፍትፍት መልክ የሚበላው ነው። በጾም ወራት የሁለቱም ፍላጎት ይጨምራል። ከዚህ ምርት ውስጥ ከፍተኛ ድርሻ ያለው በዝዋይ ሐይቅና በመቂ ወንዝ ዙሪያ በመስኖ የሚለማው ሲሆን፣ በሳጥን ተሞልቶ በጭነት መኪና ሌሊቱን ተጉዞ ጠዋት አዲስ አበባ ገበያ ላይ ይደርሳል።

ይህን ርእስ እንድመርጥ ያደረገኝ አንድ ቀን በአትክልት ገበያ ቲማቲም ስገዛ የጠየቅሁት ቀላል ጥያቄ ነው፤ መድኃኒት የተረጨው መቼ ነበር? ቸርቻሪዋ አላወቀችም፤ ያከፋፈላትን ጅምላ ነጋዴ ጠቆመችኝ። ጅምላ ነጋዴውም ጭነቱ ማታ ከመቂ እንደተነሣ እንጂ ከማን ማሳ እንደተለቀመ አያውቅም ነበር። በጥያቄዬ ተገርመው እንጂ ተቆጥተው አልመለሱልኝም፤ ከዚያ በፊት ማንም ጠይቋቸው የማያውቅ መሆኑ ያስታውቅ ነበር። ቲማቲሙን ይዤ ስመለስ፣ ይህን ናሙና ብተነትነው የማገኘው ቁጥር ምን ሊነግረኝ እንደሚችል ማሰብ ጀመርሁ። ቅሪት አለ ወይም የለም ይለኛል፤ ቅሪቱ ለምን እንደተገኘና በሚቀጥለው ሳምንት እንዳይገኝ ምን መደረግ እንዳለበት ግን አይነግረኝም።

የዚህ ጽሑፍ መከራከሪያ ከዚህ ገጠመኝ የመነጨ ነው። በአትክልት ላይ ያለ የፀረ-ተባይ ቅሪት መጠን በዋናነት የሚወሰነው በማሳው ላይ፣ በመጨረሻው ርጭትና በለቀማው መካከል ባሉት ቀናት ነው። ስለሆነም ጥናታችን ከገበያው ብቻ ሳይሆን ከርጭቱ ዕለት መጀመር ይኖርበታል።

2. ቅሪት እንዴት ይቀንሳል?

ፀረ-ተባይ በሰብል ላይ ሲረጭ ከፊሉ በቅጠልና በፍሬ ላይ ያርፋል፣ ከፊሉ መሬት ላይ ይወድቃል፣ ከፊሉም በነፋስ ይወሰዳል። በሰብሉ ላይ ያረፈው ክፍል ከዚያች ሰዓት ጀምሮ መቀነስ ይጀምራል። የፀሐይ ብርሃን ይሰባብረዋል፤ ሙቀት ያተነዋል፤ ዝናብ ያጥበዋል፤ በተክሉ ውስጥ ያሉ ኢንዛይሞች ይለውጡታል። በተጨማሪም ፍሬው እያደገ ሲሄድ ያው መጠን በበለጠ ክብደት ላይ ስለሚከፋፈል የቅሪቱ ክምችት ይቀንሳል። በሰብሉ ላይ ወይም ውስጥ የሚቀረው ኬሚካልና ከእርሱ የሚመነጩ ለጤና ትርጉም ያላቸው ውጤቶች በአንድነት ቅሪት ይባላሉ።

ይህ ቅነሳ በብዙ ኬሚካሎች ዘንድ በግማሽ ዕድሜ ይገለጻል፤ ይኸውም ቅሪቱ በግማሽ ለመቀነስ የሚፈጅበት ጊዜ ነው። ነገሩን በምሳሌ እንየው። ቁጥሮቹ ለማስረዳት የተወሰዱ ግምቶች እንጂ የማንኛውም የተወሰነ ኬሚካል ልኬት አይደሉም። አንድ ፀረ-ተባይ በተረጨበት ዕለት በቲማቲም ላይ በኪሎግራም 4 ሚሊግራም ቅሪት ቢተው፣ ግማሽ ዕድሜው 3 ቀን ቢሆንና የተፈቀደው ከፍተኛ የቅሪት ወሰን በኪሎግራም 0.5 ሚሊግራም ቢሆን፣ በ3ኛው ቀን 2፣ በ6ኛው ቀን 1፣ በ9ኛው ቀን 0.5 ሚሊግራም ይደርሳል። እንግዲህ ይህን ቲማቲም ለመልቀም 9 ቀን መጠበቅ ያስፈልጋል። በመለያ ጽሑፍ ላይ የሚሰፍረውና በመጨረሻው ርጭትና በምርት መሰብሰብ መካከል የግድ ማለፍ ያለበት ጊዜ በዚህ ጽሑፍ «የጥበቃ ቀናት» ተብሏል።

ከዚህ ቀላል ሒሳብ ሦስት ትምህርቶች ይገኛሉ። አንደኛ፣ ገበሬው መጠኑን አሳስቶ በእጥፍ ቢረጭ መነሻው 8 ሚሊግራም ይሆናል፤ ወሰኑ ላይ ለመድረስ የሚያስፈልገው ተጨማሪ ጊዜ ግን አንድ ግማሽ ዕድሜ፣ ማለትም 3 ቀን ብቻ ነው። ሁለተኛ፣ በትክክለኛው መጠን የረጨ ገበሬ በ9ኛው ቀን ፋንታ በ3ኛው ቀን ቢለቅም ቅሪቱ የወሰኑ አራት እጥፍ ይሆናል። መጠንን ከማሳሳት ይልቅ ቀንን ማሳጠር የበለጠ ጉዳት ሊያመጣ ይችላል ማለት ነው። ሦስተኛ፣ ርጭቱ በየ3 ቀኑ ቢደጋገም ያለፈው ቅሪት ሳያልቅ አዲሱ ይጨመርበታል። ከመጀመሪያው ርጭት በኋላ 4፣ ከሁለተኛው በኋላ 6፣ ከሦስተኛው በኋላ 7፣ ከአራተኛው በኋላ 7.5 እያለ ወደ 8 ይጠጋል። የተደጋገመ ርጭት በመጨረሻ የእጥፍ መጠንን ያህል ውጤት ያስከትላል።

የኬሚካሉ ጠባይም ልዩነት ያመጣል። ማንኮዜብን የመሰሉ ፀረ-ፈንገሶች በዋናነት በሰብሉ ላይኛ ገጽ ላይ የሚቀሩ ሲሆኑ፣ ኢሚዳክሎፕሪድን የመሰሉት ደግሞ ወደ ተክሉ ውስጥ ዘልቀው ከጭማቂው ጋር ይዘዋወራሉ። ላምዳ-ሳይሃሎትሪንን የመሰሉ ውኃ የማይወዱ ኬሚካሎች ደግሞ በፍሬው ልጣጭ ሰም ላይ ይጣበቃሉ። ይህ ልዩነት በኋላ ስለ ማጠብና ስለ ማብሰል ስንነጋገር ይጠቅመናል።

3. የጥበቃ ቀናት በማሳው ላይ

የጥበቃ ቀናት በወረቀት ላይ ግልጽ ናቸው። በማሳው ላይ ግን ቢያንስ አራት ነገሮች ይጋፏቸዋል።

የመጀመሪያው የተባይ ጫና ነው። ከደቡብ አሜሪካ የተነሣው ቱታ አብሶሉታ የተባለው የቲማቲም ተባይ እ.ኤ.አ. በ2006 ስፔን ውስጥ ከታየ በኋላ ወደ ሰሜን አፍሪካ ተዛምቶ፣ እ.ኤ.አ. በ2012 በኢትዮጵያ መኖሩ ተረጋግጧል። የዚህ የእሳት ራት ትል ቅጠሉንና ፍሬውን ሰርስሮ ውስጥ ስለሚገባ በላይኛው ገጽ ላይ የሚቀር ኬሚካል በቀላሉ አያገኘውም። በሞቃት አካባቢ በዓመት እስከ 10 እና ከዚያ በላይ ትውልድ ሊተካ ስለሚችልም ለኬሚካሎች ያለው የመቋቋም ዐቅም በፍጥነት ያድጋል። የረጨው መድኃኒት አልሠራ ያለው ገበሬ የሚወስደው እርምጃ የታወቀ ነው፤ ደግሞ ይረጫል፣ ወይም ሁለትና ሦስት ዓይነት ደባልቆ ይረጫል። በዝናብና በደመና ወቅት ደግሞ ዋግ በአጭር ቀናት ውስጥ ማሳውን ሊያወድመው ስለሚችል የፀረ-ፈንገስ ርጭቱ ይደራረባል።

ሁለተኛው የሰብሉ ጠባይ ነው። ጥቅል ጎመንና ሽንኩርት በአመዛኙ በአንድ ጊዜ ይሰበሰባሉ፤ ከመሰብሰባቸው በፊት ርጭት ማቆም የሚቻል ነው። ቲማቲም ግን በአንድ ግንድ ላይ የበሰለ፣ የቀላ፣ አረንጓዴና አበባ በአንድነት ይዞ ለሳምንታት እየተፈራረቀ ይለቀማል። በሁለት ለቀማዎች መካከል ያለው ጊዜ ጥቂት ቀናት ነው። ስለዚህ የጥበቃ ቀናቱ 14 የሆነ ኬሚካል አንድ ጊዜ ከተረጨ፣ በመካከሉ የበሰለውን ሁሉ መጣል ወይም መመሪያውን መጣስ ግድ ይሆናል። ሕግ አክባሪ ገበሬ እንኳ በለቀማ ወቅት ሊያከብረው የማይችለው መመሪያ ነው። ችግሩ እንግዲህ በገበሬው ጠባይ ላይ ብቻ የተመሠረተ ሳይሆን፣ ለወቅቱ የማይስማማ ኬሚካል በመመረጡ ላይም የተመሠረተ ነው።

ሦስተኛው ገበያው ነው። ቲማቲም የሚቆይ ምርት አይደለም፤ ዋጋውም በቀናት ውስጥ ይወጣል፣ ይወርዳል። የሚለቀምበትን ቀን ብዙ ጊዜ የሚወስነው ገበሬው ሳይሆን ገዥ የሚያገናኘው ደላላና የጭነት መኪናው መምጣት ነው። ትናንት የረጨ ገበሬ ዛሬ ጥሩ ዋጋ ተነግሮት መኪና ሲመጣ «ከአንድ ሳምንት በኋላ ተመለሱ» ማለት የሚችልበት ዐቅም የለውም። ማሳውን የተከራየና በብድር ዘርና ማዳበሪያ የገዛ ከሆነ ደግሞ አንድ ሳምንት የዓመት ልፋቱን ሊያሳጣው ይችላል።

አራተኛው ዕውቀትና ቋንቋ ነው። ገበሬው ፀረ-ተባይን በተለምዶ «መድኃኒት» ይለዋል። ቃሉ ተራ ይመስላል፤ ነገር ግን አስተሳሰብን ይቀርፃል። መድኃኒት የታመመ ይፈውሳል፣ ሲበዛም ቶሎ ይሠራል ተብሎ ይታሰባል፤ መርዝ ግን ይፈራል፣ ይለካል፣ ከልጆች ይርቃል። ከዋናው ዕቃ ተቀንሶ በትንሽ ጠርሙስ ወይም በላስቲክ የሚሸጥ ኬሚካል ደግሞ የመለያ ጽሑፉን ትቶ ይመጣል። ከጽሑፉ ጋርም የጥበቃ ቀናቱ ይቀራሉ።

እዚህ ላይ ሊዘነጋ የማይገባው ነገር አለ። ከቅሪቱ የመጀመሪያው ተጎጂ ሸማቹ አይደለም። ያለ ጓንትና ያለ መሸፈኛ የጀርባ መርጫ ተሸክሞ በረድፎቹ መካከል የሚመላለሰው ረጪ፣ እርጥቡ ሳይደርቅ ለለቀማ የሚገቡት የቀን ሠራተኞችም ከሸማቹ እጅግ በበለጠ መጠን ይጋለጣሉ። የምግብ ደኅንነትና የሠራተኛ ደኅንነት በአንድ ማሳ ላይ የሚነሡ መንትያ ጥያቄዎች ናቸው።

4. የቅሪት ወሰንና የጤና ወሰን

በተማሪዎች የጥናት ጽሑፎች ላይ ደጋግሞ የሚታይ አንድ ስሕተት አለ፤ ከተፈቀደው የቅሪት ወሰን ያለፈ ናሙና ሁሉ «መርዛማ» ተብሎ ሲገለጽ፣ ያላለፈው ደግሞ «ከአደጋ ነጻ» ይባላል። ሁለቱም ድምዳሜዎች ትክክል አይደሉም።

እ.ኤ.አ. በ1963 በዓለም የምግብና የእርሻ ድርጅትና በዓለም ጤና ድርጅት የተቋቋመው የኮዴክስ አሊሜንታሪየስ ኮሚሽን የሚያወጣው ከፍተኛ የቅሪት ወሰን የተመሠረተው በመልካም የግብርና አሠራር ላይ ነው። ኬሚካሉ በመመሪያው መሠረት፣ በተወሰነው መጠንና የጥበቃ ቀናት ሲረጭ ሊቀር የሚችለው ከፍተኛ መጠን በመስክ ሙከራ ይለካል፤ ወሰኑም ከዚያ ይወጣል። እንግዲህ ወሰኑ በመጀመሪያ የሚመሰክረው ስለ አሠራር ነው። ወሰን መታለፉ መመሪያው እንደተጣሰ ምልክት ሲሆን፣ በጤና ላይ የሚያስከትለው አደጋ ግን በሌላ ስሌት ይታወቃል። የአውሮፓ ኅብረት የተለየ ወሰን ላልተቀመጠላቸው ኬሚካሎች በኪሎግራም 0.01 ሚሊግራም የሚል የወል ወሰን መጠቀሙም ይህንኑ ያሳያል፤ ቁጥሩ ለእያንዳንዱ ኬሚካል የተሰላ የመርዛማነት መጠን አይደለም።

የጤናው ስሌት ሁለት መለኪያዎች አሉት። አንዱ ሰው ዕድሜ ልኩን በየዕለቱ ቢወስደው ጉዳት አያመጣም ተብሎ የሚታሰበው የዕለት መጠን ነው። ሌላው በአንድ ማእድ ወይም በአንድ ቀን ከዚያ ማለፍ የሌለበት የአጭር ጊዜ ማጣቀሻ መጠን ነው። ሁለቱም የሚገለጹት በሰውነት ክብደት ልክ ነው።

ወደ ቀደመው ምሳሌያችን እንመለስ። በ3ኛው ቀን የተለቀመውና በኪሎግራም 2 ሚሊግራም ቅሪት ያለበትን ቲማቲም 60 ኪሎግራም የሚመዝን ዐዋቂ 150 ግራም ቢመገብ 0.3 ሚሊግራም ይወስዳል፤ ይህም በኪሎግራም የሰውነት ክብደት 0.005 ሚሊግራም ነው። 15 ኪሎግራም የሚመዝን ሕፃን የዚያን ግማሽ፣ 75 ግራም ቢመገብ 0.15 ሚሊግራም ይወስዳል፤ በክብደቱ ሲካፈል 0.01 ሚሊግራም ይሆናል። ግማሹን የበላው ሕፃን የዐዋቂውን እጥፍ ተጋለጠ ማለት ነው። የዕለት መጠኑ 0.01 ሚሊግራም ነው ብንል፣ ዐዋቂው ግማሹን ሲጠቀም ሕፃኑ ሙሉውን በአንድ ምግብ ጨርሶታል። ያው ቲማቲም በ9ኛው ቀን ተለቅሞ ቢሆን ኖሮ የሕፃኑ ድርሻ ሩብ ብቻ ይሆን ነበር። ልዩነቱን ያመጡት 6 ቀናት ናቸው።

ከዚህ በላይ የድምር ጉዳይ አለ። ፕሮፌኖፎስና ክሎርፒሪፎስን የመሰሉ ኦርጋኖፎስፌቶች ሁሉም ኮሊንኤስቴሬዝ የተባለውን የነርቭ ኢንዛይም ሥራ ያውካሉ። በአንድ ሳህን ላይ የቀረቡ ቲማቲም፣ ጎመንና ቃሪያ እያንዳንዳቸው ከወሰን በታች ቢሆኑም በአንድ መንገድ የሚጎዱ ኬሚካሎች ድርሻ ተደምሮ መታየት ይኖርበታል። የሳይንሱ ፍርድም በጊዜ ይለወጣል። የአውሮፓ ኅብረት እ.ኤ.አ. በ2020 የክሎርፒሪፎስንም ሆነ የማንኮዜብን ፈቃድ ላለማደስ ወስኗል። ስለዚህ ትናንት የተጻፈን ወሰን ዛሬ ሳይመረምሩ መጥቀስ አይገባም።

5. ናሙናና ትንተና፦ «አልተገኘም» ሲባል ምን ማለት ነው?

የቤተ ሙከራው ውጤት ከናሙናው የተሻለ ሊሆን አይችልም። በኮዴክስ የናሙና መመሪያ መሠረት ቲማቲምን ለመሰለ መካከለኛ ምርት ቢያንስ 10 ፍሬ የያዘ 1 ኪሎግራም፣ ጥቅል ጎመንን ለመሰለ ትልቅ ምርት ደግሞ ቢያንስ 5 ራስ የያዘ 2 ኪሎግራም ያስፈልጋል። ናሙናው አይታጠብም፤ በቀዝቃዛ ዕቃ ተይዞ በፍጥነት ይደርሳል። ከዚያም ተፈጭቶ የሚገኘው ውጤት አማካይ ነው። በአንድ ሳጥን ውስጥ ያሉ ፍሬዎች ግን እኩል አልተረጩም፤ ከመርጫው አፍ ፊት ለፊት የነበረው ከቅጠል ሥር ከነበረው ይበልጣል። የአጭር ጊዜ ተጋላጭነት ሲሰላ አንዱ ፍሬ የአማካዩን ሦስት እጥፍ ሊይዝ ይችላል ተብሎ የሚታሰበው ለዚህ ነው።

በብዛት ጥቅም ላይ የሚውለው የማውጫ ዘዴ እ.ኤ.አ. በ2003 የታተመው ኬቸርስ የተባለው ነው። በመነሻው አሠራር 10 ግራም የተፈጨ ናሙና በ10 ሚሊሊትር አሴቶናይትራይል ይናወጣል፤ በ4 ግራም ማግኒዥየም ሰልፌትና በ1 ግራም ሶዲየም ክሎራይድ ውኃው ይለያል፤ ከዚያ ተጣርቶ በጋዝ ወይም በፈሳሽ ክሮማቶግራፊና በማስ ስፔክትሮሜትሪ ይለካል። የዘዴው ብቃት የሚረጋገጠው የታወቀ መጠን ወደ ንጹሕ ናሙና ጨምሮ መልሶ በመለካት ሲሆን፣ ከ70 እስከ 120 በመቶ መመለሱና የድግግሞሹ ልዩነት ከ20 በመቶ አለመብለጡ የተለመደ መስፈርት ነው።

ይሁን እንጂ ይህ ዘዴ በመቶዎች የሚቆጠሩ ኬሚካሎችን በአንድ ጊዜ ሲለይ፣ ማንኮዜብንና መሰል ዳይቲዮካርባሜቶችን አይለይም። እነዚህ በአሴቶናይትራይል ስለማይሟሙና በማውጣት ጊዜ ስለሚፈርሱ ለብቻቸው በአሲድ ወደ ካርቦን ዳይሰልፋይድ ተለውጠው መለካት አለባቸው። ማንኮዜብ በቲማቲም ማሳ ላይ በብዛት ከሚረጩት አንዱ መሆኑን ስናስታውስ ነገሩ ግልጽ ይሆናል። ከማሳው ምን እንደተረጨ ሳይጠይቅ በአንድ ዘዴ ብቻ የለካ ተመራማሪ፣ በእርግጥ ያለውን ኬሚካል «አልተገኘም» ብሎ ሊዘግብ ይችላል። አልተገኘም ማለት የለም ማለት አይደለም፤ አንዳንድ ጊዜ አልተፈለገም ማለት ነው። ከመለኪያ ዐቅም በታች የሆነ ውጤትም ዜሮ አይደለም፤ በተጋላጭነት ስሌት ውስጥ ዜሮ፣ የመለኪያው ግማሽና ሙሉው ተደርጎ ተሰልቶ ልዩነቱ መገለጽ ይኖርበታል።

6. ወጥ ቤት የማሳን ስሕተት ያርማል?

ሸማቹ በእጁ ያለው መፍትሔ ማጠብ፣ መላጥና ማብሰል ነው። በሚፈስ ውኃ እያሹ ማጠብ በላይኛው ገጽ ላይ የቀረውን አቧራና ኬሚካል ይቀንሳል፤ መደረግም አለበት። የጥቅል ጎመንን ውጫዊ ቅጠሎች ማንሣትና ልጣጭን መላጥ ከማጠብ የበለጠ ይቀንሳል። ወደ ውስጥ የዘለቀውን ኬሚካል ግን ውኃ አያወጣውም፤ በልጣጩ ሰም ላይ የተጣበቀውንም በከፊል ብቻ ያነሣዋል።

ማብሰልም ሁልጊዜ ወዳጅ አይደለም። ሙቀት ብዙ ኬሚካሎችን ቢሰባብርም፣ ማንኮዜብ ሲሞቅ ኤቲሊንቲዮዩሪያ የተባለ፣ የታይሮይድ ዕጢን የሚጎዳ ውጤት ይፈጥራል። ከመብሰሉ በፊት ማጠቡ ትርጉም የሚኖረውም እዚህ ላይ ነው። በአጠቃላይ ወጥ ቤቱ ጥቂት ሊቀንስ ይችላል፤ በማሳው ላይ የተዘለሉትን ቀናት ግን አይመልስም። የማጠብን ምክር ብቻ ማስተማር ኀላፊነቱን ሙሉ በሙሉ ምንም መረጃ በሌላት የቤት እመቤት ላይ መጫን ይሆናል።

7. የሚጠየቅና የማይጠየቅ ምርት

አገራችን የሕግ ማዕቀፍ የላትም ማለት አይቻልም። የፀረ-ተባይ ምዝገባና ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 674/2002 ያልተመዘገበ ፀረ-ተባይ ወደ አገር እንዳይገባና እንዳይሸጥ ይደነግጋል፤ የምግብና መድኃኒት አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 1112/2011 ደግሞ የምግብን ደኅንነት ይመለከታል። አንዱ ኬሚካሉን፣ ሌላው ምግቡን ይከታተላል። በሁለቱ መካከል፣ ከመርጫው እስከ ሳጥኑ ያሉት ቀናት ግን መዝጋቢ የላቸውም።

ይህ ክፍተት የዐቅም ብቻ አለመሆኑን የውጭ ንግድ ያስተምረናል። እ.ኤ.አ. በ2008 ጃፓን በኢትዮጵያ ቡና ላይ የፀረ-ተባይ ቅሪት አግኝታ ግዢው በተስተጓጎለ ጊዜ፣ ጉዳዩ ብሔራዊ አጀንዳ ሆኖ ምንጩ ተፈልጓል። ለአውሮፓ ገበያ አትክልትና ፍራፍሬ የሚያመርት እርሻም ምን፣ መቼና በምን መጠን እንደረጨ ይመዘግባል፤ ምክንያቱም ገዥው ይጠይቃል። የርጭት መዝገብ መያዝ እንግዲህ በዚያው አፈርና በዚያው ሙያ የሚቻል ነገር ነው። ለአዲስ አበባ የሚጫነው ቲማቲም መዝገብ የሌለው የሚጠይቀው ስለሌለ ነው።

8. ማጠቃለያና የምርምር አቅጣጫ

ከላይ ከቀረበው ትንታኔ በመነሣት በዚህ መስክ ለመሠማራት ለሚያስቡ ባልደረቦቼ አምስት ነጥቦችን አቀርባለሁ።

አንደኛ፣ ናሙናን ከርጭት ታሪኩ ጋር ማገናኘት። ናሙናው በለቀማ ዕለት ከማሳው ቢወሰድና የኬሚካሉ ስም፣ መጠን፣ ድግግሞሽና የመጨረሻው ርጭት ቀን ቢመዘገብ፣ ጥቂት ናሙናዎች እንኳ ታሪካቸው ካልታወቀ ብዙ የገበያ ናሙናዎች የበለጠ ያስረዳሉ።

ሁለተኛ፣ የቅነሳ ሙከራዎችን በአካባቢው ማካሄድ። የስምጥ ሸለቆ ፀሐይና ሙቀት የጥበቃ ቀናቱ ከተሰሉባቸው አገሮች ይለያል። በርጭቱ ዕለትና ከ1፣ ከ3፣ ከ7 እና ከ14 ቀናት በኋላ ናሙና በመውሰድ በበጋና በክረምት ግማሽ ዕድሜን መለካት በአንድ የማስተርስ ጥናት ዐቅም የሚሠራ ነው።

ሦስተኛ፣ የትንተና ዘዴን ከማሳው ዝርዝር በመነሣት መምረጥ። በተለይ ዳይቲዮካርባሜቶችን ያላካተተ የቲማቲም ጥናት ይህን ገደቡን በግልጽ መጻፍ አለበት።

አራተኛ፣ ተጋላጭነትን በእኛ አመጋገብ ማስላት። የጾምና የፍስክ ቀናት፣ ጥሬና የበሰለ፣ ዐዋቂና ሕፃን ተለይተው ካልታዩ አማካዩ ብዙ የሚጋለጡትን ይደብቃል።

አምስተኛ፣ ሊከበር የሚችል አማራጭ መፈተሽ። የጥበቃ ቀናታቸው ረጅም የሆኑትን ከአበባ በፊት መጨረስ፣ በለቀማ ወቅት ግን ባሲለስ ቱሪንጂየንሲስንና የኒም ውጤቶችን የመሰሉ አጭር ጥበቃ የሚሹ አማራጮችን መጠቀም፣ የፌሮሞን ወጥመድ በመስቀል ርጭትን በቀን መቁጠሪያ ሳይሆን በተባዩ መታየት መወሰን በገበሬው ማሳ ላይና በገበሬው ሒሳብ መመዘን ይኖርባቸዋል።

ውጤት ስናሳትምም ጥንቃቄ ያስፈልጋል። አትክልት መብላት ለጤና ያለው ጥቅም ትልቅ ነው፤ ሕዝቡን አስፈራርቶ ከአትክልት የሚያርቅ ጥናት ሊከላከል ካሰበው የባሰ ጉዳት ያደርሳል። ገበሬውን ብቻ ተጠያቂ የሚያደርግም ማሳውን ዘግቶብን ይቀራል። ናሙና የሰጠ ገበሬ ውጤቱን ከማንም አስቀድሞ ሊሰማ ይገባዋል።

በገበያው መካከል የጠየቅሁት ጥያቄ ቤተ ሙከራ አይሻም፤ አንድ ብጣሽ ወረቀት ሳጥኑን ተከትሎ ቢመጣ ይመለሳል። በወረቀቱ ላይ የኬሚካሉ ስምና የተረጨበት ቀን ቢሰፍር፣ ቸርቻሪዋ ለጠየቃት ሁሉ መልስ ይኖራታል፤ የቤተ ሙከራው ቁጥርም ያኔ ከየት እንደመጣ ይታወቃል። የምርምራችን ድርሻ ያቺ ወረቀት በየትኛው መንገድ ከማሳ ተነሥታ ገበያ ልትደርስ እንደምትችል ማሳየት ነው።